«የቀረብህስ ስንት ነው?» የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ዕትም «ኢኮኖሚክስ ለባንክ ቤት ሰው ብቻ አይደለም፤ ለአራሽም ለጠላ ሻጭም ነው» ብዬ አንዲት አንቀጽ ጣል አድርጌ ነበር። ምነው ባልጻፍኩ! ደብዳቤው ጠረጴዛዬን ሞላው።

ግማሾቻችሁ «የኔታ» እያላችሁ ነው የምትጽፉልኝ። ጎጃም ላይ ይህ ስም ከባድ ነው። ቅኔ አስቆጥሮ የሚያስመርቅ ሰው ስም ነው። እኔ ቡሬና ደብረ ማርቆስ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ኢኮኖሚክስ አስተማርኩ እንጂ አንድ ጉባኤ ቃና እንኳ ቤት መትቶልኝ አያውቅም። ጋሼ በሉኝ፣ ይበቃል።

ወደ ጥያቄዎቹ።

«ጋሼ፣ ከሜጫ ነው የምጽፍልዎ። ሁለት ጥማድ መሬት አለኝ፤ የቆጋ መስኖ አይደርሰውም። በየዓመቱ ጤፍ እዘራበታለሁ፣ ስድስት ኩንታል ይወጣኛል። የማዳበሪያውንና የአጫጁን ከፍዬ ከኩንታሉ ሰባት ሺህ ብር ይተርፈኛል። ጎረቤቶቼ ግን ባሕር ዛፍ ተክለው ጨርሰዋል። አንድ ነጋዴ እንደነሱ ያለውን ዛፍ በአምስት ዓመቱ ሁለት መቶ ሺህ ብር እገዛሃለሁ ብሎኛል። ሚስቴ ደግሞ ጤፉ አይቅር ትላለች። የማንን ልስማ?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እግዜር ይስጥህ። በዚህ ወር ከጻፉልኝ ሁሉ ቁጥር የላክህልኝ አንተ ብቻ ነህ።

ስድስት ኩንታል በሰባት ሺህ፣ በዓመት አርባ ሁለት ሺህ ብር። በአምስት ዓመት ሁለት መቶ አሥር ሺህ። ዛፉ ሁለት መቶ ሺህ ነው። ለችግኝና ለተከላ አሥር ሺህ ቢወጣ አንድ መቶ ዘጠና ሺህ ይቀራል። ስለዚህ ጤፍ በለጠ ማለት ነው? ቆይ።

የአጫጁን ከፍለህ ቆጥረሃል። የራስህንስ? ጤፍ አራት አምስት ጊዜ እርሻ ይፈልጋል። አረሙ አለ፣ ውቂያው አለ። በዓመት አርባ ቀን የራስህ ጉልበት ገባበት እንበል። በዚያ አርባ ቀን ሌላ ቦታ ሄደህ የቀን ሥራ ብትሠራ በቀን ሦስት መቶ ብር ብታገኝ አሥራ ሁለት ሺህ ብር ነበረህ። ከኪስህ ስላልወጣ ወጪ አልመሰለህም። የአምስት ዓመቱን ስልሳ ሺህ ብር ስትቀንሰው ጤፍህ አንድ መቶ ሃምሳ ሺህ ላይ ይወርዳል። አሁን ዛፉ በለጠ።

መማሪያ መጽሐፉ ይህን «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» ይለዋል። የተማሪዎቼ ምላስ ሲተሳሰር ጊዜ እኔ «የቀረብህ» አልኩት፤ ስሙም በዚያው ጸና። አንዱን ስትመርጥ ከተውካቸው ውስጥ የተሻለው፣ እሱ ነው የመረጥከው ነገር እውነተኛ ዋጋ። በቅኔ ቤት አነጋገር ከኪስ የወጣው ብር ሰሙ ነው፣ የቀረብህ ወርቁ ነው። ኢኮኖሚክስ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ጊዜ ይህን የሚያስተምር ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ እኔም ለዓመታት ተሳስቼ አስተምሬዋለሁ። ያ አርባ ቀንህ ሁሉ ሦስት መቶ ብር አያወጣም። ነሐሴ ላይ አረም ሲነሳ፣ ኅዳር ላይ አጨዳ ሲደርስ ሰው ሁሉ ጉልበት ይፈልጋል። ያኔ ሦስት መቶ ብሩ እውነት ነው። መጋቢት ላይ ግን ደረቅ መሬት ስትገለብጥ የዋልክበት ቀን ባታርስ ኖሮ ምን ትሠራበት ነበር? ዋርካ ሥር ተቀምጠህ ጨዋታ ከሆነ የቀረብህ ጨዋታው ነው። እሱንም ናቅ አላደርገውም፤ ግን ሦስት መቶ ብር አይደለም። ስለዚህ አርባውን ቀን በየወሩ ከፋፍለህ ቁጠረው። ሃያው ብቻ ሥራ የሚገኝበት ቢሆን በአምስት ዓመት የሚቀነሰው ሠላሳ ሺህ ነው። ጤፍህ አንድ መቶ ሰማንያ ሺህ ይሆናል። አየህ፣ ሁለቱ ተጠጋጉ።

አሁን ወደ ባለቤትህ እንሂድ። ትክክል ሳትሆን አትቀርም። ከስድስቱ ኩንታል ስንቱን እንደምትበሉት አልነገርከኝም። ለቤት የሚቀረውን ጤፍ በሸጥክበት ዋጋ ቆጥረኸዋል። ዛፍ ብትተክል ግን ያንን ጤፍ የምትገዛው ነጋዴው በሚሸጥበት ዋጋ ነው። የመሸጫና የመግዣ ዋጋ መካከል የመኪናው፣ የጫኝና አውራጁ፣ የነጋዴው ትርፍ አለ። ለምትበሉት ኩንታል የመግዣውን ዋጋ ጻፍበት። ጭዱንም እንዳትረሳው። ጭድ ከቀረ ለበሬዎቹ የምትገዛው መኖ የት አለ?

ደግሞ የጤፍ ብር በየዓመቱ ይመጣል። በመጀመሪያው ዓመት ብር የተገዛች ጊደር አምስተኛው ዓመት ላይ ወልዳ ታልባለች። የዛፉ ብር ግን አምስት ዓመት ሙሉ ቆሞ ነው የሚጠብቅህ። በሌላ በኩል ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ያቆጠቁጣል፤ ሁለተኛው ዙር ተከላ የለውም። ጉቶው ግን ቶሎ አይለቅም። አምስት ዓመት ቆይተህ «ወደ ጤፍ ልመለስ» ብትል ገሶና መጥረቢያ ይዘህ ስንት ቀን እንደምትቆፍር የነቀለ ያውቀዋል። የአዊዎቹ የፋግታ ለኮማ ሰዎች ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ የመረጡት ለዚህም ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክሉታል፣ በአራት አምስት ዓመት ይቆርጡታል፣ ከሰሉን ያከስላሉ፣ መሬቱን መልሰው ያርሱታል። እሱንም በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶበት ብዙ ሰው አለቀሰ። ያለውን ሁሉ አንድ ዛፍ ላይ ያደረገ ሰው የሚፈራው ይህንን ነው።

እኔ ብሆን? ጥያቄውን «ጤፍ ወይስ ዛፍ» ብዬ አላስቀምጠውም። ከሁለቱ ጥማድ የትኛው ክፍል ነው ጤፍ በደንብ የማይሰጥህ? ተዳፋቱ? ጭንጫው? እዚያ ላይ የቀረብህ ትንሽ ነው። እዚያ ዛፍ ትከልበት። መልካሙን ለጤፍ ተው። እባክህን ከጎረቤት ማሳ ራቅ አድርገህ ትከል። ባሕር ዛፍ አጠገብ ያለ ጤፍ እንዴት እንደሚቀጭጭ አንተም ታውቃለህ፤ ያ ደግሞ የጎረቤትህ የቀረበት ነው፣ በአንተ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

«ይድረስ ለየኔታ። ከወንበርማ ነኝ፣ በቆሎ አምራች ነኝ። እድሜዬ ስልሳ አልፏል። ዝናቡ ሲሰምርና ጎተራዬ ሲሞላ ዋጋው ይወድቃል። ዋጋው ሲወጣ እኔ የምሸጠው የለኝም። ይህ ነገር እርግማን ነው?»

አባቴ፣ እርግማን አይደለም። ግን እርግማን ቢመስልዎ አልፈርድም።

የ1994ቱን ያስታውሱታል። በቆሎው ተከታትሎ ሰጠ፣ ዋጋው አፈር በላ። ያኔ ቡሬ ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ሰውዬ ሁለት አህያ ጭኖ መጥቶ ከጧት እስከ አሥር ሰዓት ከረጢቱ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ዋጋ ጠየቁት፣ ሳቀ። ሲመሽ አህዮቹን ጭኖ ተመለሰ። አንዲት ኪሎ አልሸጠም። በማግስቱ ለተማሪዎቼ ስለ ፍላጎትና አቅርቦት ላስተምር ጠመኔ አንስቼ መስመሮቹን ስሰል የዚያ ሰውዬ ሳቅ ነበር የሚታየኝ። ብዙ ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው፣ በሚቀጥለው ክረምት ማዳበሪያ ቀነሰ። 1995 ላይ ደግሞ አገሩን ድርቅ መታው። ጥጋቡና ረሃቡ ተከታትለው መጡ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሆድ ስለማይሰፋ። በቆሎ በግማሽ ዋጋ ቢረክስ ሰው ገንፎውን እጥፍ አይበላም። ትንሽ ይጨምራል፣ ከዚያ በቃኝ ይላል። እንዲህ ያለው ፍላጎት ግትር ነው። ስለዚህ የተትረፈረፈውን ምርት ገበያው እንዲውጠው ዋጋው በጣም መውረድ አለበት። እንበልና አምና ሃያ ኩንታል በሦስት ሺህ ሸጡ፤ ስልሳ ሺህ ብር። ዘንድሮ ሠላሳ ኩንታል አገኙ፣ ዋጋው አንድ ሺህ አምስት መቶ ሆነ፤ አርባ አምስት ሺህ። አሥር ኩንታል ጨምረው አሥራ አምስት ሺህ ብር ከሰሩ።

«እንግዲያው አሳንሼ ልዝራ» እንዳይሉኝ። የእርስዎ አሥር ኩንታል የወንበርማን ዋጋ አያነቃንቀውም። ዋጋውን የሚያነቃንቀው የሁሉም ሰው አሥር ኩንታል ነው። እርስዎ ብቻዎን ቢያሳንሱ ዋጋውም ይወድቃል፣ ጎተራዎም ይጎድላል።

የሚቻለው ጊዜውን ማሻገር ነው። ጥር ላይ ሁሉም ይሸጣል፣ ክረምት ላይ ሁሉም ይገዛል። ግማሹን ለዕዳና ለልብስ ይሽጡ፣ ግማሹን ያቆዩ። ነቀዝ ነው ችግሩ። አሁን አየር የማያስገባ ከረጢት አለ፤ አፉ በደንብ ከታሰረ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፣ መድኃኒትም አይፈልግም። አይጥ እንዳይበሳው ብቻ ከግድግዳ ራቅ ያድርጉት። ሁሉም ሰው ማቆየት ሲጀምር የጥርና የሐምሌ ዋጋ ይቀራረባል፤ ትርፉ ያንስብዎታል። ያን ጊዜ ግን የጥር ወሩም ዋጋ እንዲህ አያዋርድዎትም።

«ከፍኖተ ሰላም ነኝ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ለገበሬ "አቆዩ" ሊሉ እንደሚችሉ ገምቻለሁ። ነጋዴው ሲያቆይ ግን "ደበቀ" እንላለን። መንግሥት ዋጋ ቆርጦ ለምን አያስርልንም?»

ብልህ ነህ፣ ቀድመህ ያዝከኝ። አዎ፣ ሥራው አንድ ነው። ጥር ላይ ገዝቶ ሐምሌ ላይ የሚሸጥ ነጋዴ ጥር ላይ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፣ ሐምሌ ላይ ዝቅ ያደርጋል። ሐምሌ ላይ ስለሆነ የምናየው ሁላችንም እንረግመዋለን።

ዋጋ መቁረጥን ጎጃም ሞክሮታል። በደርግ ጊዜ ገበሬው ኮታ ነበረበት፤ በተቆረጠ ዋጋ ለመንግሥት ያስረክባል። ኮታው ያልሞላለት ምን ያደርግ ነበር? ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክባል። ልብ በል፣ ጤፍ አምራቹ ጤፍ ገዢ ሆነ። ኮታው የቀረው በ1982 ነው። ዋጋ ስትቆርጥ እጥረቱ አይጠፋም፤ ከዋጋው ላይ ተነስቶ ወደ ሰልፍ፣ ወደ ዘመድ አዝማድና ወደ ጓሮ በር ይሄዳል።

ነገር ግን ነጋዴ ሁሉ ንጹሕ ነው አላልኩም። ከተማው ውስጥ የጅምላ ገዢዎች ሦስት ብቻ ቢሆኑና ሦስቱ ቡና እየጠጡ ዋጋ ቢስማሙ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ላይ መንግሥት ቢገባ አልቃወምም። ዋጋ ከሚቆርጥ ግን አራተኛውና አምስተኛው ነጋዴ የሚገቡበትን መንገድ ቢከፍት ይሻለኛል።

«ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስ ጸጉር ቤት አለኝ። አሥራ ሁለት ሆነን በወር አምስት አምስት ሺህ ብር እቁብ እንጥላለን። ወንድሜ ባንክ አስቀምጪ ይለኛል። የቱ ይሻላል?»

እህቴ፣ ዕጣሽ መቼ እንደሚወጣ ይወስነዋል። መጀመሪያ የደረሳት፣ የራሷን አምስት ሺህ ስንቀንስ፣ ሃምሳ አምስት ሺህ ብር ያለ ወለድ ተበደረች ማለት ነው። መጨረሻ የደረሳት ያለ ወለድ አበደረች። በመካከሉ ዕቃ ከተወደደ የመጨረሻዋ ስልሳ ሺህ የመጀመሪያዋን ስልሳ ሺህ ያህል የጸጉር ማድረቂያ ካስክ አይገዛም። የባንክ ቁጠባ ወለድም ቢሆን ዝቅተኛው ለዓመታት ሰባት በመቶ ነበር፤ የኑሮ ውድነቱ ከዚያ በልጦ ሲሮጥ ስንት ዓመት አይተናል። ስለዚህ ሁለቱም ያንሱሻል። እቁብ ግን ባንክ የማያደርገውን አንድ ነገር ያደርጋል፤ ዳኛው በር ላይ መጥቶ ያንኳኳል። ባንክ ገንዘብሽን ዛሬ ብታወጪው ማንም አይቆጣሽም። ራስሽን ታውቂያለሽ።

ቀድሞ ቢደርስሽ ግን ቶሎ ካስኩን ግዢው።

«11ኛ ክፍል ነኝ፣ የጁቤ ነው የምማረው። መምህራችን ብር ወረቀት ብቻ ነው አሉን። ከኋላው ወርቅ ከሌለ ለምን እንቀበለዋለን?»

ልጄ፣ አንተ የተቀመጥክበት አካባቢ ለዚህ ጥያቄ ትልቅ ታሪክ አለው። በ19ኛው መቶ ዘመን የባሶ ገበያ ከታወቁት የአገሪቱ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከዓባይ ማዶ፣ ከእናርያ በኩል፣ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ፣ ወርቁ እየተሻገረ ይመጣል። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው። አሞሌው ዕቃም ነበር ገንዘብም። ከአፋር ቆላ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ስንት ቀን ተጉዞ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ከመነሻው በራቀ ቁጥር ለአንድ የማርትሬዛ ጠገራ ብር የምታገኘው አሞሌ እያነሰ ይሄዳል። ትግራይ ላይ ብዙ አሞሌ፣ ባሶ ላይ ጥቂት። ማርትሬዛውም ከኦስትሪያ የመጣ ነው፤ ኋላ መቼም ይቀረጽ መች 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት አለበት። ሰው ያመነው ያንን መልክ ነውና ቢቀየር አይቀበሉትም ነበር።

አሞሌው ቢያንስ ወጥ ውስጥ ይገባል። የእኛ ብር አይገባም። እንቀበለዋለን፣ ምክንያቱም ነገ ባለሱቁም ይቀበለኛል ብለን እናምናለን፤ ባለሱቁም እንደዚያው። መንግሥትም ግብር በሱ ይቀበላል። መስከረም 2013 ላይ ኖቱ ሲቀየር አስታውስ፣ ወይ አባትህን ጠይቅ። አሮጌው መቶ ብር የመቀየሪያው ጊዜ ገደብ ሲያልፍ ያው ወረቀት ነበር፣ ያው ቀለም። ዳቦ ግን አይገዛም።

«ከደጀን ነው። ባጃጅ ገዝቼ በአንድ ዓመት ለጥገና ሰማንያ ሺህ ብር አወጣሁ። አሁን ሞተሩ እንደገና ተበላሸ፤ መካኒኩ ሠላሳ ሺህ ይላል። እንዳለ ልሽጠው ስል ያ ሰማንያ ሺህ ይቆጨኛል። ምን ይበሉኛል?»

ሰማንያ ሺህዋን እርሳት። ጠግነኸውም፣ ሸጠኸውም አትመለስም። የሄደ ብር የቀረብህ ውስጥ አይቆጠርም፤ ከፊትህ ያለውን ብቻ ነው የምትቆጥረው። ሠላሳ ሺህ ከፍለህ ባጃጁ ስንት ወር ይሠራልሃል፣ በወር ስንት ያስገባልሃል? ሳትጠግነውስ ዛሬ በስንት ይሸጣል? እነዚህን ሁለቱን አወዳድር።

ለመናገር ቀላል ነው። እኔ ራሴ ይህን ለሃያ ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ያገለገለ የውሃ ሞተር ገዛሁ፤ ጓሮዬ ላይ ጎመንና ድንች ላጠጣ። በሁለት ሳምንት ቆመ። አስጠገንኩት። ቆመ። ባለቤቴ «ሽጠው» አለችኝ። «ይህን ያህል አውጥቼበት?» አልኳት። ሦስተኛ አስጠገንኩት። ሚስቴ ትምህርቷ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ያን ዕለት ግን ከሁለታችን ኢኮኖሚክስ የምታውቀው እሷ ነበረች።

ሞተሩ አሁንም ጓሮ አለ። ዶሮዋ ሥሩ ጭድ አጠራቅማ እንቁላል ትጥልበታለች።